«ወልዳለች፤ በቃት»

«ወልዳለች እኮ! ከእንግዲህ ምን ሩጫ አላት?» በወሎ ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር፣ ከአቃስታ እስከ ከላላ ይህን አባባል ያልሰማ የለም። በክፋት የሚናገረው ግን አላየሁም። አማት እያዘነች ትለዋለች፤ ባል እየሳቀ ይለዋል፤ ትምህርት ቤት ሳለች መረብ ኳስ ስትጫወት ያጨበጭቡላት የነበሩ እኩዮቿም ይሉታል። የባሰው ወላዷ ራሷ ተቀብላ ስትለው ነው። ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የበኩር ልጇ ጡት አልተወም፤ እሷ ግን «የእኔ ነገርማ አለቀ» ብላ ቁጭ ብላለች። ምኗ ነው ያለቀው?

የእኔ አቋም አጭር ነው። ወላድን ከሜዳ የሚያስቀራት አካሏ አይደለም፤ ልጇን የሚይዝላት ሰው ማጣቷ ነው። ሰው ያጣችውም ሰው ባልጠፋበት አገር ነው፤ ለለቅሶ፣ ለሰርግና ለአጨዳ በአንድ ጥሪ መንደሩ ሁሉ በሚወጣበት አገር።

የተቃራኒው ወገን ሐሳብ ግን ችላ ተብሎ የሚታለፍ ስላልሆነ ባለቤቶቹ እንደሚሉት ላስቀምጠው። ወሊድ አጥንት ይፈታል፤ አራስ ብርድ ይገባታል፣ ምች ይመታታል፤ ሆዷ ሳይሰበሰብ ብትዘል ማህፀኗ ይወርዳል። ሕፃን ደግሞ ከእናቱ ጠረን በቀር የሚያውቀው የለም፤ የጡት ልጇን ጥላ ሜዳ የምትወርድ ሴት በልጇ ላይ የራሷን ደስታ ታስበልጣለች። የሰው ዓይንም አለ፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በሚኖሩበት በእኛ አገር ባለትዳር ሴት ኳስ ስታባርር ማየት ለቤተሰቧም ለራሷም ነውር ነው። ሌላው ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት፣ እንጨት ከገደል አፋፍ በሚለቀምበት ደጋ ላይ ስለ እናቶች ስፖርት ማውራት የጥጋብ ወሬ ነው ይላሉ። «ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ነው የምትውለው፤ ደግሞ ሌላ ሩጫ ልታዙባት?»

ከአካሉ ልጀምር። የእኛ አገር አራስ ለጥቂት ሳምንታት በወግ ትያዛለች። ገንፎው በቅቤ ይቀርብላታል፣ አጥሚቱ ይፈላላታል፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ በእስላሙ ቤት ዱበርቲዎች ተሰብስበው ዱዓ ያደርጉላታል። ክርስቲያኑ ልጁን፣ ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ያስጠምቃል። ብዙ ቤት ግን ክርስትናው እስኪደርስ እንኳ አይጠበቅም፤ አራሷ ወደ ቦኖ ትላካለች። እስቲ ቆም ብላችሁ እዩዋት። ቢጫውን የሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልታ ድንጋይ ላይ ታስቀምጠዋለች። ጀርባዋን ሰጥታ በርከክ ትላለች፣ ገመዱን በደረቷ ላይ አሳልፋ ትቋጥራለች፣ አንድ እጇን መሬት ላይ ተክላ፣ ጥርሷን ነክሳ ብድግ ትላለች። ከዚያ ዳገቱ ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። የራግቢ ኳስ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ያን ጀሪካን ተሸክማ ስትነሳ «ማህፀንሽ ይወርዳል» ያላት ማን ነው? ለጀሪካን የጠነከረ ወገብ ለኳስ ሲሆን እንዴት ይሰበራል?

የማህፀን መውረድ እውነተኛ ችግር ነው፤ የሚያላግጥበት ካለ የገጠር እናቶችን አያውቅም። ነገር ግን ምጥ ሲራዘም፣ ወሊዱ ሲደጋገም፣ ሰውነት ሳይጠገን ሸክም ሲከተል የሚመጣ ነው። ስለ ወላድ ማህፀን የሚጨነቅ ሰው መጀመሪያ ጀሪካኑን ይቀበላት። ሜዳው ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የምትመለሰው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ በእግር መሄድ፣ ከዚያ ሆድንና የዳሌ ወለል ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ወራት ሲቆጠሩ ሶምሶማ፣ ከዚያም በላይ ቆይቶ መጋጨት ያለበት ጨዋታ። በቀዶ ጥገና የወለደች ደግሞ የበለጠ ትቆያለች፤ ባለሙያም ታማክራለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡርና የወለደች ሴት፣ የጤና እክል እስከሌለባት ድረስ፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። እንቅስቃሴ ከወሊድ በኋላ የሚመጣውን ድብርት እንደሚያቀልም የታወቀ ነው፤ እኛ ዘንድ «ፊቷ ጠቆረ» ተብሎ የሚታለፈውን ማለቴ ነው።

ወሊድ አቅም ይጨርሳል ለሚለው ደግሞ መልሱ ከራሳችን ቤት አለ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ስታጠልቅ ዕድሜዋ 20 ነበር፤ ሰዓቷ 31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ። ከዚያ ወለደች። «ወልዳለች፤ በቃት» የሚለው ሕግ ቢሠራ ኖሮ ታሪኳ እዚያ ይዘጋ ነበር። መስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ እናት ሆና ስትሮጥ ግን 30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገባች፤ ወርቅ፣ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን። እናቲቱ ልጃገረዲቱን በ49 ሰከንድ ቀደመቻት! ጥሩነሽ ዲባባም እንዲሁ ናት። ቤጂንግ ላይ ወርቅ ባገኘችበት ሩጫ 29 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ነበር የገባችው። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ 29 ከ42 ሮጠች። ያገኘችው ነሐስ ነው፤ ሰዓቱ ግን በ10 ሺህ ሜትር ሕይወቷን ሙሉ ከሮጠችው ሁሉ ፈጣኑ ነው። በማግስቱ ዓመት ለንደን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ጨረሰች። በዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛው አካል ነው ያለቀው?

አንድ ሩጫ ግን በተለይ አይረሳኝም። ጥቅምት 2000 ዓ.ም.፣ ኒው ዮርክ። ጌጤ ዋሚ፣ የእኛው የአማራ ደጋ ልጅ፣ የጫጫዋ፣ የበርሊን ማራቶንን ካሸነፈች ገና 35 ቀኗ ነው፤ ልጅ ወልዳ ከተመለሰች ዓመታት ሆኗታል። ጎኗ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ አለች፤ እሷም በ1999 ዓ.ም. ጥር ላይ የወለደች። ሌሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ቀርተው ሁለቱ እናቶች ብቻቸውን ያን ረጅም መንገድ ተያይዘው ሄዱ። መጨረሻ ላይ ፓውላ በ23 ሰከንድ ቀደመች። ጌጤም ባዶ እጇን አልተመለሰችም፤ ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የታላላቅ ማራቶኖች አጠቃላይ ሽልማት፣ 500 ሺህ ዶላሩን፣ ይዛ ተመለሰች። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ ፓውላ እግሯን አሟት ወደ ኋላ ስትቀር ከጎኗ ሆና «ነይ፣ አብረን እንሂድ» እያለች ያበረታታቻት ማን ነበረች? የ37 ዓመቷ እናት፣ ደራርቱ። አሸነፈችም። ተፎካካሪዋን ማበርታቷ አላዘገያትም ማለት ነው።

እዚህ ጋ ተቃራኒው ወገን ጣልቃ ይገባል። «እነሱማ ገንዘብ አላቸው፣ ሞግዚት አላቸው፣ ልጅ የሚይዝ ባል አላቸው!» በጣም ጥሩ። እኔስ የምለው ምን ሆነና? ጀግኖቹ የተመለሱት ከሌላ ጭቃ ስለተሠሩ አይደለም፤ ከጀርባቸው እጅ ስለነበረ ነው። ይህን ያመነ ሰው «አካሏ አለቀ» የሚለውን በገዛ አፉ ቀደደው። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ያ እጅ ለመካነ ሰላሟ ወላድ ከየት ይምጣ? (የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን እስከ 2017 ዓ.ም. ደራርቱ መራችው፤ ከእሷ የተረከበው የጥሩነሽ ባለቤት ስለሺ ስህን ነው። ይህ ጉዳይ የማይገባው ሰው ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም ለማለት ነው። የወለደች አትሌት በክለብ ውሏ ምን ተጽፎላታል የሚለውን ግን እንጠይቃለን።)

ስለ ሕፃኑ የሚነሳው ነገር ልብ ይነካል፤ ስለዚህም ነው ብዙ ሴት የሚያስቀረው። ነገር ግን ይህቺው እናት ገበያ ስትሄድ፣ ለቅሶ ስትደርስ፣ አረም ስታርም ልጁን ማን ነበር የሚይዘው? አያት፣ ታላቅ እህት፣ ጎረቤት። አንቀልባው ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲዘዋወር የኖረ አገር ነው። ለአራት ሰዓት ገበያ ያልተበደለ ሕፃን ለአንድ ሰዓት ጨዋታ እንዴት ይበደላል? እውነቱን እንነጋገር፤ የምናዝነው ለልጁ አይደለም። እናቲቱ ለሌላ ሰው ስትደክም ልጇን መተዋ አይታየንም፤ ለራሷ አንድ ሰዓት ስትወስድ ግን ዓይናችን ይበራል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት ስንት? ሦስት ቀን። ሕጉ ራሱ ልጅ መያዝን የማን ሥራ እንዳደረገው ከዚህ በላይ የሚናገር የለም። ለነገሩ ሦስቱን ቀንም የሚያገኘው ደመወዝተኛው ነው፤ ገበሬው ባል ምን አዋጅ አለው?

ነውር ለሚለው ብዙ አልደክምም። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ተጫዋቾች ፀጉራቸውን ሸፍነው እንዲጫወቱ ፈቅዷል። ሱሪ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ አጥር ባለው የትምህርት ቤት ግቢ፣ ሴቶች ብቻቸውን ሆነው መጫወት የትኛውን ሃይማኖት ነካ? በወሎ ሰርግ ላይ ትከሻዋን ስታርገፈግፍ እልል የሚላት ሰው ኳስ ስትይዝ ነውር ካለ፣ ያሳሰበው ሃይማኖቱ አይመስለኝም።

የጥጋብ ወሬ ነው የሚለው ግን ሊሰማ ይገባዋል፤ የሚናገረው ብዙ ጊዜ የተራበ ሰው ነውና። የደጋዋ እናት ትደክማለች። ጦርነቱና ግጭቱም ያለፉትን ዓመታት አክብዶባታል። እንዲህ ላለችው ሴት ስፖርት ጨምሩላት ማለት ሸክም ላይ ሸክም ይመስላል። መልሴ ግን ሥራና ጨዋታ አንድ አይደሉም የሚል ነው። ጀሪካኑ ወገቧን ያጎብጣል፤ ከወገቧ የተወሰደውን መልሶ አይሰጥም። የምትሸከመው ብቻዋን ነው፤ ስትመለስ የምትገባው ጭስ ቤት ውስጥ ነው። ጨዋታ ግን ሌሎች ሴቶች ያሉበት፣ የምትስቅበት፣ የምትጮህበት፣ ስሟ የሚጠራበት ሰዓት ነው፤ «የእገሌ እናት» ተብሎ ሳይሆን በራሷ ስም። ድሃ ሴት ይህ አያስፈልጋትም ያለው ማን ነው? ወንዶቹ ድሃ አይደሉም እንዴ? ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ በሸራ ጫማ ኳስ የሚያባርሩት ጎረምሶች፣ ለገና ዱላቸውን ይዘው የሚወጡት አባወራዎች የጠገቡ ናቸው? እነሱን «የጥጋብ ወሬ» ያላቸው የለም። ድህነት ስፖርት የሚከለክለው ለእናት ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ ድህነቱ አይደለም።

ቀደም ሲል ከጀሪካኑ ጋር ራግቢን ያነሳሁት ለማሽሟጠጥ እንዳይመስላችሁ። እኛ ዘንድ ስሙ እንጂ ጨዋታው ብዙም አይታወቅም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ግን የሴቶች ቡድኗን ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ አሰልፋበታለች። ሰው ከሰው የሚጋጭበት፣ ለእናት አይሆንም ከሚባሉት ሁሉ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። እንግሊዞቹ በ2015 ዓ.ም. ለብሔራዊ ቡድናቸው ሴት ተጫዋቾች 26 ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ ደነገጉ። በዚህ መጀመሪያ የተጠቀመችው አቢ ዋርድ በወለደች በ17ኛው ሳምንቷ ሜዳ ገባች። እኔ ይህን ለሌላው አልመክርም፤ ሐኪምና የሰውነት ማሠልጠኛ ባለሙያ ከጎኗ ያለ ሰው ነች። መስከረም 2018 ዓ.ም. እንግሊዝ የዓለም ዋንጫውን ትዊክንሃም ላይ ከ80 ሺህ በሚበልጥ ተመልካች ፊት ስታነሳ ግን እናቲቱ ከቡድኑ ጋር ነበረች። በዚህ ጨዋታ ኳስ በእጅ ወደ ፊት አትወረወርም፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ነው የምትሰጠው። ስለዚህ ኳስ የያዘችው ወደ ፊት ለመሮጥ ድፍረት የምታገኘው ከኋላዋ የሚቀበላት እንዳለ ስታውቅ ነው። ስትወድቅም ጓደኞቿ ፈጥነው በላይዋ ካልደረሱ ኳሱ ይነጠቃል። እናትነትም እንደዚሁ ነው፤ የወላድን ጉዳይ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ጨዋታ አላውቅም።

መካነ ሰላም ደግሞ ከኋላ የሚቀበል ሰው የቸገረው አገር አይደለም። ወንፈል አለ፤ ዛሬ የአንቺን እናርማለን፣ ነገ የእኔን። እቁብ አለ፣ እድር አለ፣ የማርያም ማኅበር አለ፣ ዱበርቲው አለ። በቀበሌ ደረጃ የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ የሚባል ነገር አለ፤ እርጉዞቹ በወር አንዴ ተሰብስበው ቡና እየጠጡ፣ ገንፎ እየበሉ ስለ ወሊድ ይማራሉ። ሲወልዱስ? ስብሰባው ያበቃል፤ እያንዳንዷ ወደ ጎጆዋ ትበተናለች። ይቺን ነው የማልቀበላት። አብረው የፈሩ፣ በአንድ ሰሞን የወለዱ፣ ልጆቻቸው እኩዮች የሆኑ ሴቶች ከዚህ የተሻለ ምን ቡድን ይፈልጋሉ? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስማቸውን ታውቃለች። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ የሯጮች አየር ትተነፍሳለች። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለባት፤ ትምህርት ቤቶች አሉባት፤ ግቢያቸው ቅዳሜ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ቢከፈት ምን ይጎድላቸዋል? በዓመት አንድ ቀን ቲሸርት ለብሶ መሮጥን አልንቅም፤ አዲስ አበባ ላይ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚዘጋጀው የሴቶች 5 ኪሎ ሜትር እናቶችን ጎዳና ላይ አውጥቷል። ወላድ የምትፈልገው ግን የየሳምንቱን ነው፤ ባነርና የክብር እንግዳ የሌለበትን።

አሠራሩም ያው ወንፈል ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ቢሆኑ አራቱ ሕፃናቱን ይይዛሉ፣ ስምንቱ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ኳስ ከሌለ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ መጋጨት ለማይገባት መንካት ብቻ ይበቃል። የሚያለቅስ ሕፃን ይጠባል፤ ጨዋታው ይጠብቃል። የደከማትን «አብሽሪ» የሚላት ወሎ ላይ አይጠፋም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ በዚያች አንድ ሰዓት እቤት ውሃውን የሚቀዳው፣ ሽሮውን የሚያማስለው ማን ነው? እሱን ጥያቄ ለእናቶች አልመልሰውም። ባሎች አሉ።

ወላድ አብቅቶላታል የሚል ሰው ካለ ማስረጃውን ያምጣ። የደራርቱን 49 ሰከንድ ያስተባብል፤ ሃያ ኪሎ የሚያነሳ ወገብ ለምን ግማሽ ኪሎ እንደሚፈራ ይንገረን። ማስረጃውን ፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ግን እዚያው ሜዳው ዳር ቁጭ ብሎ ሕፃኑን ይያዝልን።